አፌን የዘጋሁበት በጋ

ባለፈው ወር ልጄን ሩትን ወደ ጥርስ ሐኪም ይዣት ሄድኩ። ይዣት ሄድኩ ስል ትልቅ ሴት ናት፤ ሠላሳ ሁለት ዓመቷ ነው፣ አስተማሪ ናት፣ መንገዱንም ከእኔ የበለጠ ታውቀዋለች። ግን እኔ እንዲህ ነኝ። ከልጆቼ አንዱ ካሳለ አልተኛም፤ አንዷ ጉንጯን ከያዘች ምሳዬ አይወርድልኝም። ሩት ደግሞ ሁለት ወር ሙሉ ጉንጯን ስትይዝ፣ በአንድ ጎን ብቻ ስታኝክ፣ ትኩስ ነገር ስታስቀር አይቻለሁ። "ምንም አይደለም" ብትለኝም አላመንኳትም።

ሐኪሙ ወጣት ልጅ ነው። አፏን በመብራት አየ፣ በትንሽ መስታወት የኋላ ጥርሶቿን ተመለከተ፣ መንጋጋዋን በጣቶቹ ጫን ጫን አደረገ። ከዚያ ጓንቱን አወለቀና "ጥርስሽ ደህና ነው፤ የተበላ የለም" አላት። ቀጥሎ፣ "እንቅልፍ እንዴት ነው? በቅርቡ የሚያስጨንቅሽ ነገር አለ?" ብሎ ጠየቃት።

ሩት ፊቷ ተለዋወጠ። "የለም" አለች ባጭሩ። ስንወጣ በሩ ላይ፣ "እማዬ፣ እኔ የመጣሁት ለጥርሴ። ስለ እንቅልፌ ምን አገባው?" አለችኝ።

ባጃጅ ውስጥ ገብተን ወደ ቤት ስንሄድ ዓይኔ የዲላን አስፋልት፣ የአናናስና የአቮካዶ ሻጮቹን ያያል፤ ልቤ ግን ሌላ ቦታ ነበር። ያንን ጥያቄ ከዚህ በፊት ሰምቼው አውቃለሁ። ያኔ የተጠየቅሁት እኔ ነበርኩ። ዕድሜዬ አሥራ ዘጠኝ ቢሆን ነው፤ ዘመኑም የደርግ ነበር።

እኔ ብዙ አልተማርኩም። ፊደል የቆጠርኩት በመሠረተ ትምህርት ነው፤ ከዚያ በኋላ እስከ አራተኛ ክፍል ገፍቻለሁ። ስለዚህ ነገሩን እንዳየሁት ብቻ ነው የምጽፈው፤ የረሳሁትን ረስቻለሁ እላለሁ።

አባታችን ከሞተ በኋላ እናቴ እኔንና ታላቅ ወንድሜን ተስፋዬን ይዛ ከትውልድ መንደራችን ከዱመርሶ ወደ ዲላ ወረደች። እሷ ገበያ ላይ ቆጮ ትሸጣለች፣ ተስፋዬ ጆንያ ይጭናል፣ እኔ ቡና መጋዘን ውስጥ ለቃሚ ነበርኩ። ለቀማ ማለት ጥቁሩን ፍሬ፣ የተበላውን፣ የተሰበረውን ከደህናው መለየት ነው። መሬት ላይ በረድፍ እንቀመጣለን፤ እያንዳንዳችን ፊት ክምር አለ። እጅ ይለቅማል፣ አፍ ያወራል። መጋዘን ውስጥ የማይወራ ነገር አልነበረም፤ የማን ባል ሰክሮ ገባ፣ የማን ልጅ ታጨች፣ ሁሉም እዚያው ይለቀማል። የሥራ አለቃችን ካቦው በመስመሩ መካከል እየተመላለሰ "አፍሽን ትተሽ እጅሽን!" ይላል፤ ማንም አይሰማውም። ከሁሉም የባስኩ ወሬኛ ደግሞ እኔ ነበርኩ። አሁን ልጆቼ ይህን ስነግራቸው አያምኑኝም።

እሑድ ከምሳ በኋላ ሌላ ሕይወት ነበረኝ። እኛ የምናመልክበት ጸሎት ቤት ታሽጎ ነበር። በመንገድ "ጴንጤ" እየተባልን እንሰደባለን፤ ተሰብስቦ የተገኘ ይታሰራል። ስለዚህ ወደ ጭጩ በሚወስደው መንገድ በኩል፣ እንሰት በከበበው በጋሽ ጳውሎስ ቤት ውስጥ ተደብቀን እንገናኝ ነበር። አሥራ አምስት እንሆናለን፣ አንዳንዴ ሃያ። ጎረቤት መዝሙሩን እንዳይሰማ ጋሽ ጳውሎስ አንድ ዘዴ አበጁ፤ አንዲት ልጅ ደጅ ላይ ሙቀጫ ይዛ ከነገለባው የደረቀ ጀንፈል ቡና ትወቅጣለች፣ እኛ ውስጥ ሆነን በዝግታ እንዘምራለን። የሙቀጫው ድምፅ መዝሙሩን ይሸፍነዋል። ወቃጯ የማታውቀው ሰው ሲመጣ ካየች መውቀጧን ታቆማለች፤ ያኔ እኛም ጸጥ እንላለን።

ችግሩ የምትወቅጠው ልጅ መዝሙሩን ስለምትሰማ ሳታውቀው በመዝሙሩ ምት መውቀጥ ትጀምራለች። አንድ ቀን ጋሽ ጳውሎስ ብቅ ብለው፣ "እናንተ ልጆች፣ ሙቀጫው ራሱ እየዘመረ ነው! እንደ ሰው ውቀጡ እንጂ!" አሉ። ሳቃችንን በነጠላ አፍነን ሞትን።

ውስጥ አዝማች የማወጣው እኔ ነበርኩ። ድምፄ እንደ ወፍ ነው ለማለት ሳይሆን አይሰበርም፤ ሌሎቹም ተከትለውኝ ይገባሉ። ደጅ ብዙ ጊዜ የምትወቅጠው ጓደኛዬ መሠረት ናት። እናቴ በልቧ ታምናለች እንጂ ፈርታ አትመጣም።

ጥቅምት ላይ፣ የቡና ወቅት ሲጀመር፣ ተስፋዬን ለብሔራዊ ውትድርና መለመሉት። ከሥራ ቦታው ነው የወሰዱት፤ ልብስ እንኳ አልያዘም። መኪናው በአስፋልቱ ወደ ላይ ሲሄድ እናቴና እኔ ሮጠን አልደረስንበትም። ከዚያ በኋላ ወሬ የለም፣ ደብዳቤ የለም።

እናቴ አለቀሰች። እኔ አላለቀስኩም። ሁለታችንም ካለቀስን ቤቱ ይፈርሳል ብዬ አስብ ነበር መሰለኝ፤ ጥርሴን ነክሼ ያዝኩት። ይህን ስል ቃሉን እንዲሁ አይደለም የምለው፤ በእውነት ነክሼ ነበር። እናቴ "ስትተኚ ጥርስሽ እንደ ወፍጮ ይፈጫል" ትለኝ ነበር። ጠዋት ስነሳ መንጋጋዬ ደንዝዞ አፌ አይከፈትም። ቀን ደግሞ ቡና እየለቀምኩ፣ ተስፋዬ አሁን የት ነው፣ በልቷል ወይ፣ እያልኩ ሳስብ የጉንጬን ውስጥ በጥርሴ እየላጥኩ እበላለሁ። አላውቀውም፤ ደም ስቀምስ ነው የማውቀው።

ኅዳር አጋማሽ ላይ አፌ ውስጥ ቁስል ወጣ። መጀመሪያ ከከንፈሬ በስተውስጥ አንድ፣ ከዚያ ምላሴ ላይ፣ ከዚያ በሁለቱም ጉንጬ። አንዱ ሲድን ሁለት ይወጣል። ሚጥሚጣ የነካው ነገር እሳት ሆነብኝ። ቆጮ እንኳ ጠንክሮብኝ ሳላኝክ እውጠው ጀመር። ዲላ የአናናስ አገር ናት፤ እኔ ግን አናናስ ሲላጥ ገና ከሩቅ ሲሸተኝ አፌ ይሸማቀቃል። መፋቂያ ሳነሳ ድዴ ስለሚደማ መፋቅ ተውኩ። ባለመፋቄ ደግሞ አፌ መሽተት ጀመረ።

የሚያሳፍረኝ ያ ነበር። ሕመሙንስ እችለው ነበር። መጋዘን ውስጥ ትከሻ ለትከሻ ተቀምጠን ሳወራ አጠገቤ ያለችው ልጅ ትንሽ ፈቀቅ ያለች መሰለኝ። ምናልባት እግሯ ደንዝዞባት ይሆናል፤ ዛሬም አላውቅም። እኔ ግን በዚያው ቀን ነጠላዬን እስከ አፍንጫዬ ሳብኩት፣ ወሬም አቆምኩ።

"ታደለች፣ ሙሽራ ሆንሽ እንዴ? ምነው ተሸፋፈንሽ?" አለች አንዷ።

"ተያት፤ ዘንድሮ አፏን ለገና እያስቀመጠችው ነው" አለች ሌላዋ። ተሳቀ። እኔም በነጠላዬ ውስጥ የሳቅሁ መስዬ ወደ ቡናዬ ዞርኩ።

እሑድም እንደዚያው ሆነ። አዝማች አውጪ ስባል ጉሮሮዬን አሞኛል አልኩ። ከፊት መቀመጥ ትቼ በሩ አጠገብ ሆንኩ። እኛ ስንለያይ ተሳስመን ነው፤ በዚህም ጉንጭ በዚያም ጉንጭ። ያን ለማምለጥ የመጨረሻው ጸሎት ሳያልቅ እወጣለሁ። መሠረት ደጅ ላይ ሙቀጫውን ይዛ "ወዴት ነው ሩጫው?" ስትለኝ ፊቴን አዙሬ አልፋታለሁ። ከዚያ ቤት ገብቼ፣ መሠረትን ፊት ነሣኋት እያልኩ ስብሰለሰል አድራለሁ፤ ጥርሴም ሲፈጭ ያድራል። ጠዋት አዲስ ቁስል ይጠብቀኛል።

እናቴ ጨነቃት። ሳልበላ፣ ሳላወራ፣ ፊቴን ወደ ግድግዳ አዙሬ ስታየኝ "ልጄን ምን ነካት" እያለች እጇን ራሴ ላይ ጭና ትጸልይ ነበር። ምንሽን ነው የሚያምሽ ስትለኝ አፌን መክፈት ስላልፈለግሁ መንጋጋዬን አሳየኋት። እውነትም ያመኛል። እሷም ጥርስ ነው ብላ ገበያ ውስጥ ጥርስ ከሚነቅሉት ሽማግሌ ጋ ወሰደችኝ። ሽማግሌው አንዱን ጥርሴን በጉጠት ነቀሉት። ነቅለው በመዳፋቸው ገለባብጠው አዩትና፣ "ይሄ ጥርስ ምንም የለበትም እኮ" አሉ። እንደ በቆሎ ፍሬ ነጭ ነበር። እናቴ ያን ቀን ገበያ መሃል ቁጭ ብላ አለቀሰች። መንጋጋዬ ግን እንደ ድሮው ያመኛል።

ታኅሣሥ ላይ ከመካከላችን አንድ ወንድም ታሰረ። የት የት እንደምንሰበሰብ ተጠየቀ ተባለ። ከሳምንት በኋላ ተፈታ፤ ከእኛው አንዱ ለቀበሌ እንደነገረ ግን ግልጽ ሆነ። በሚቀጥለው እሑድ ወደ ጋሽ ጳውሎስ ቤት ሄድኩ። የሙቀጫ ድምፅ የለም። ባለቤታቸው እትዬ አስናቀች በሩን ገርበብ አድርገው፣ "ዛሬ የለም ልጄ። ሁሉም ወደየአገሩ ሄዷል" አሉኝ። ግቢ አላሉኝም። እሳቸው ሰውን ሳያስገቡ የሚመልሱ ሴት አልነበሩም። በሚቀጥለውም እሑድ እንዲሁ። በሦስተኛው በሩን የከፈተ የለም።

ፈርተው ተበትነዋል ብዬ አሰብኩ። ጥር ውስጥ በአንድ እሑድ ከሰዓት ልብስ ላጥብ ወደ ለገዳራ ወንዝ ወረድኩ። ፀሐዩ ያቃጥላል፣ ውሃው ቀንሷል። ልብሱን ድንጋይ ላይ እያሸሁ ሳለ ከወንዙ ማዶ፣ ከእንሰቱ ውስጥ፣ የሙቀጫ ድምፅ ሰማሁ። ሙቀጫ የትም ይወቀጣል። ይኼኛው ግን ሦስት ጊዜ ቶሎ ቶሎ፣ ከዚያ አንድ ረጅም፣ እንደገና ሦስት። ያ የእኔ አዝማች ነበር። እኔ የማወጣው መዝሙር።

ሳሙናው ከእጄ ወደቀ። አልተበተኑም። ቤት ቀይረዋል፤ ለእኔ ብቻ አልነገሩኝም።

እርጥቡን ልብስ ሰብስቤ ወደ ቤት ስመለስ ምን እንዳሰብኩ አላስታውስም። የማስታውሰው ከዚያ በኋላ ለቀናት ውሃ እንኳ መዋጥ እንደከበደኝ ነው። መሽተቴ ተሰምቷቸው ነው ያባረሩኝ ብዬ አመንኩ። እውነቱን ለመናገር፣ በዚያን ሰሞን መኖሬም አለመኖሬም አንድ መስሎ ይታየኝ ነበር። ይህን እስካለፈው ወር ድረስ ለማንም ተናግሬው አላውቅም ነበር።

ያተረፉኝ እትዬ ዘሃራ ናቸው። እሳቸው በመጋዘኑ በር ላይ ሻይና ዳቦ የሚሸጡ፣ ቤተሰባቸው ከመሃል አገር ለንግድ የመጣ ሙስሊም ሴት ነበሩ። እንደ እኛ በረድፍ አይቀመጡም፣ ወሬያችን ውስጥም የሉም፤ ግን ሁሉንም ያያሉ። አንድ ቀን ዳቦዬን በሻይ አርሼ ጥቂት ቀምሼ አስቀመጥኩትና ልሄድ ስል ነጠላዬን ይዘው አስቀሩኝ።

"ነይ እስቲ አንቺ ልጅ። ይሄ ደም የማነው?"

ዳቦው ላይ የጥርሴ ምልክት ዙሪያውን ቀይ ሆኖ ነበር።

"ጥርሴን አስነቅዬ ነው" አልኩ በነጠላው ውስጥ።

"መቼ?"

"በገና።"

"ወላሂ፣ ከገና ጀምሮ የሚደማ ጥርስ አይቼ አላውቅም። አፍሽን ክፈቺ።"

"አልከፍትም እትዬ። ይሸትዎታል።"

እትዬ ዘሃራ ሳቁ። "እኔ ሰባት ወልጃለሁ፤ የሰባቱንም ትውከት ጠርጌያለሁ። አንቺ ምን ይዘሽ ነው የምታስፈራሪኝ? ክፈቺ!"

ከፈትኩ። ፊታቸውን አላዞሩም። አገጬን ይዘው ወደ ብርሃን አዞሩኝ፣ ለረጅም ጊዜ አዩ፣ ከዚያ በቀስታ "ውይ የእናትሽ ልጅ" አሉ። በዚያች ቃል እንባዬ መጣ። ወንድሜ ሲወሰድ ያላለቀስኩትን እዚያ በሻይ ጠርሙሶቹ መሃል አለቀስኩት። ካቦው መጥቶ "ሥራ የለም እንዴ?" ሲል፣ "አንተ ሂድ ወዲያ! ታማለች፣ አታይም?" ብለው አባረሩት። ሻይና ዳቦአቸውን ለጎረቤት ሻጭ አደራ ብለው እጄን ይዘው ወደ ጤና ጣቢያ ወሰዱኝ።

ቁስል የሚያክመው ድሬሰር ወጣት ነበር፤ እኛ ግን ዶክተር ነው የምንለው። ምላሴን በማንኪያ ተጭኖ በባትሪ አየ። ጥርሴን ማን እንደነቀለው ጠየቀኝ፤ ስነግረው ራሱን ነቀነቀ። ከዚያ ወንበሩን አስጠጋና ስለ አፌ መጠየቁን አቆመ።

"እንቅልፍ ትተኛለሽ?"

ነጠላዬን ወደ አፌ መለስኩ።

"ከመታመምሽ በፊት ቤት ውስጥ የሆነ ነገር አለ? የሞተ፣ የሄደ ሰው?"

"ወንድሜ ሄዷል" አልኩ።

"መቼ?"

"በጥቅምት።"

"ቁስሉስ መቼ ጀመረ?"

"ከዚያ ወር በኋላ" ስል የራሴን ድምፅ ሰማሁት። ሁለቱን ነገሮች ጎን ለጎን አስቀምጬ አይቻቸው አላውቅም ነበር።

"አየሽ፣ ሰው ሲጨነቅ ጥርሱን ይነክሳል፤ ለዚህ ነው መንጋጋሽ የሚያምሽ" አለኝ በቀስታ። "ሳትበዪና ሳትተኚ ስትከርሚ ሰውነትሽ ይደክማል፣ አፍሽም ቶሎ ቶሎ ይቆስላል። ሲቆስል አትፍቂም፣ ሳትፍቂ ይሸታል፣ ሲሸት ከሰው ትሸሺያለሽ። ከሰው ስትሸሺ ደግሞ ጭንቀቱ ይብሳል። እኔ ለቁስሉ መድኃኒት አለኝ። በጨው ውሃ ትጉመጠመጫለሽ፣ በለስላሳ ነገር ቀስ ብለሽ ትፍቂያለሽ። ለሌላው ግን የምታወሪው ሰው ያስፈልግሻል። አለሽ?"

"ነበሩኝ" አልኩት።

እትዬ ዘሃራ ከበሩ አጠገብ፣ "እኔስ? እኔ ግንድ ነኝ?" አሉ። ድሬሰሩ ሳቀ፣ እኔም ሳቅሁ፤ ስስቅ አፌን አልሸፈንኩም።

መድኃኒቱ ሐምራዊ ቀለም ነው፤ ጂቪ ይሉታል። በጥጥ እየነከረ አፌን በሙሉ ቀባው። ስወጣ ከንፈሬ፣ ምላሴ፣ ጥርሴ ሁሉ ሐምራዊ ሆኖ ነበር። እናቴ ስታየኝ ጮኸች፤ እትዬ ዘሃራ ቁጭ አድርገው አስረዷት። በማግሥቱ እናቴ የቡላ አጥሚት ሠርታ፣ በቅቤ አለስልሳ፣ እስክጨርሰው አጠገቤ ተቀምጣ ጠበቀች። ስለ ተስፋዬ አወራን። እሷም እንደማትተኛ ያን ቀን ነገረችኝ። በአንድ ክፍል ውስጥ ተኝተን እያንዳንዳችን ሌላዋን ተኝታለች እያልን ነበር የከረምነው።

በሚቀጥለው እሑድ ወንዙን ተሻገርኩ። እትዬ ዘሃራ ሂጂ ብለውኝ ነው። "ምን እንዳደረግሻቸው ጠይቂያቸው። ካባረሩሽም አውቀሽ ትመለሻለሽ" አሉኝ። የሙቀጫውን ድምፅ ተከትዬ በእንሰቱ መሃል ሄድኩ። የመሠረት አክስት ቤት ነበር። ደጅ ላይ መሠረት ዘነዘናውን አንሥታለች። አየችኝ። ዘነዘናው አየር ላይ ቀረ።

ሙቀጫው ዝም ሲል ውስጥ ያለውም መዝሙር ዝም አለ። ያ ጸጥታ የመጣው በእኔ ምክንያት ነው። የማይታወቅ ሰው ሲመጣ የሚሆነው ነበር የሆነው።

"ማን ላከሽ?" አለችኝ መሠረት በሹክሹክታ።

"ማንም።"

"ቤቱን እንዴት አወቅሽው?"

"በሙቀጫሽ። አሁንም በመዝሙሩ ነው የምትወቅጪው።"

ልትስቅ ብላ ተወችው። "ታደለች፣ በጌታ ተመለሺ። ሰዎቹ ፈርተዋል።"

"ምን አደረግሁ?"

መሬት መሬት አየች። "ወንድምሽን እንዲመልሱልሽ ስማችንን ሰጥተሻል ተባለ። ዝም አልሽ፣ ተሸፋፈንሽ፣ በር ላይ እየተቀመጥሽ ቀድመሽ ትወጫለሽ። ከዚያ ሰው ታሰረ። እኔ ራሴ ስጠራሽ ፊትሽን አዞርሽብኝ። ምን እንበል?"

ስትዘረዝረው እኔም በእነሱ ቦታ ብሆን አምን ነበር ብዬ አሰብኩ። ስለዚህ ነጠላዬን ከፊቴ አወረድኩና አፌን ከፈትኩ።

መሠረት ወደ ኋላ አለች፤ ሐምራዊው አስደንግጧት ነው። ከዚያ ዘነዘናውን ጥላ ቀረበች። ቁስሉን አየች፣ የተነቀለውን ጥርስ ቦታ አየች።

"ይሄ ከመቼ ጀምሮ ነው?"

"ከኅዳር። ይሸታል ብዬ ነው ፊቴን ያዞርኩት። ስትስሚኝ እንዳትጠዪኝ ነው ቀድሜ የምወጣው።"

"አንቺ ደደብ!" አለችኝ እያለቀሰች። "አንቺ ደደብ፣ ለእኔ አትነግሪኝም?" አንገቴን አቅፋ በዚህም በዚያም ሳመችኝ፤ እኔም ሳላስብ ሳምኳት። ጋሽ ጳውሎስ ዝምታው ስለረዘመባቸው ቀስ ብለው ብቅ ሲሉ መሠረት በሁለቱም ጉንጯ ላይ ሐምራዊ ከንፈር ታትሞባት ቆማለች።

"ምንድነው ይሄ? ቀለም ነው ወይ የምትወቅጡት?" አሉ።

መሠረት ነገረቻቸው። ጋሽ ጳውሎስ ባርኔጣቸውን አወለቁ። "ልጄ፣ መጥተን ልንጠይቅሽ ይገባን ነበር። ፈርተን ነው" አሉኝ። ሁሉም ያን ቀን አመኑኝ ብል ልዋሽ ነው። ሁለት ሰዎች በዚያ በጋ በሙሉ እኔ ካለሁ ስም ጠርተው አይጸልዩም ነበር። የነገረው ማን እንደሆነም እስከ ዛሬ አልታወቀም።

"በሉ፣ ሙቀጫው ዝም ካለ ጎረቤት ይጠረጥራል" አሉ ጋሽ ጳውሎስ። መሠረት ፊቷን ለመታጠብ ስትሄድ ዘነዘናውን እኔ አነሣሁት። መዘመር ገና አልችልም ነበር። ውስጥ መዝሙሩን እንደገና ሲጀምሩ ግን ሦስት ቶሎ ቶሎ፣ አንድ ረጅም እያልኩ ወቀጥኩላቸው፤ ጋሽ ጳውሎስም ያን ቀን እንደ ሰው ውቀጪ አላሉኝም።

ቁስሉ በአንድ ጊዜ አልዳነም። ከመጋቢት ዝናብ በኋላ ነው በደንብ መብላት የጀመርኩት። ለፋሲካ ከተስፋዬ ደብዳቤ መጣ፤ እሱ ራሱ የተመለሰው መንግሥት ከተለወጠ በኋላ እያነከሰ ነው። አሁን ዱመርሶ ቡና አለው። የአፌ ነገር ግን አብሮኝ ኖሯል። የመጀመሪያ ልጄ ስትታመም ተመልሶ መጣ፤ ባለቤቴ ሲሞት ተመልሶ መጣ። ሲመጣ አውቀዋለሁ። የጨው ውሃ አፈላለሁ፣ ከዚያ ጎረቤቴን እጠራና አወራለሁ።

ለልጆቼ ግን ይህን ሁሉ ነግሬያቸው አላውቅም ነበር። ለምን እንደሆነ ያሰብኩት ባለፈው ወር ባጃጁ ውስጥ ነው። ጥርሳችሁን ፋቃችሁ ወይ፣ በላችሁ ወይ፣ ጫማ አድርጉ፣ እያልኩ አሳድጌያቸዋለሁ። ከንፈራቸውን ገልብጬ ስንት ጊዜ አይቻለሁ። ምን አስጨነቃችሁ ብዬ ግን አልጠየቅሁም፤ ጭንቀት የእኔ ሥራ መስሎኝ። እናት ስትጨነቅ ልጆቹ የሚያርፉ ይመስለኝ ነበር።

ያን ቀን ቤት ስንደርስ ለሩት ሾርባ ሠራሁላት፤ መንጋጋዋ እንዳይደክም ድንቹን አፍርሼ። ከዚያ ፊት ለፊቷ ተቀምጬ ይህን የጻፍኩላችሁን ነገርኳት። ከወንዙ ከተመለስኩ በኋላ መኖሬም አለመኖሬም አንድ መሰለኝ ያልኩት ጋ ማንኪያዋን አስቀመጠች፤ ሐምራዊው ጋ ስደርስ ሳቀች። ስጨርስ፣ "እማዬ፣ አንድ ነገር ልንገርሽ፤ ግን አትጨነቂ" አለችኝ።

የነገረችኝ የእሷ ነውና እዚህ አልጽፈውም። እኔ ያደረግሁትን ብቻ ልጻፍ። አፏን አላየሁም፣ ምክር አልሰጠሁም፣ መሃል ላይ አላቋረጥኳትም፤ ለእኔ ይህ ቀላል ሥራ አይደለም። ሾርባው ከፊቷ ቀዘቀዘ። አየሁት። ተነሥቼ ላሙቀው አልኩና፣ ተውኩት።